ከእግር ስብራት በኋላ የሚታመም ዳሌና የእንቅስቃሴ ልክ

የዳሌ መገጣጠሚያው መጎዳቱ የተነገረው ሰው ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በአእምሮው የሚመላለሰው «ከእንግዲህ የትኛው ስፖርት ይፈቀድልኛል? የትኛውስ ተከለከለ?» የሚል ጥያቄ ነው። እኔም ከጭን አጥንት ስብራት ድኜ ዓመታት ካለፉ በኋላ በዚያው ወገን ያለው ዳሌዬ መታመም ሲጀምርና ራጁ በመገጣጠሚያው መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡን ሲያሳይ ይህንኑ ጠይቄአለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን የተፈቀዱና የተከለከሉ እንቅስቃሴዎች ዝርዝር ሆኖ አይገኝም። አንዱን ሕመምተኛ የሚያሳርፈው ብስክሌት የሌላውን ብሽሽት ሊያሳምም ይችላል፤ በአንድ ወቅት ጨርሶ የማይቻል የነበረው ደረጃ መውጣትም በሌላ ወቅት ያለ ችግር የሚሠራ ልምምድ ይሆናል። እየቆየሁ የተረዳሁትና እዚህ ላስረዳ የምፈልገው፣ ለተጎዳ ዳሌ የእንቅስቃሴ ደኅንነት የሚወሰነው በእንቅስቃሴው ዓይነት ሳይሆን ይልቁንም በመጠኑና መገጣጠሚያው ከዚያ በኋላ ባሉት 24 ሰዓታት በሚሰጠው ምላሽ መሆኑን ነው።

ነገሩን ለመረዳት ከመገጣጠሚያው አሠራር መጀመር ይሻላል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ ኳስ የመሰለ ራስ አለው፤ ይህ ራስ በዳሌ አጥንት ጎን ባለው ጎድጓዳ ማቀፊያ ውስጥ ገብቶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። ኳሱም ማቀፊያውም በለሰለሰ ልም አጥንት ተሸፍነዋል። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ የሕመም ነርቭም የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ሲሆን፣ ክብደት ሲያርፍበት እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ክብደቱ ሲነሣለት ደግሞ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ መገጣጠሚያውን ለማዳን ተብሎ ለወራት ከእንቅስቃሴ ሲታገድ ልም አጥንቱም ከምግቡ ይታገዳል። ሕመሙ የሚመጣው ነርቭ ካላቸው ክፍሎች፣ ማለትም ከልም አጥንቱ ሥር ካለው አጥንት፣ መገጣጠሚያውን ከሚሸፍነው ከረጢትና በዙሪያው ካሉት ጅማቶችና ጡንቻዎች ነው። ይህን ማወቅ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ሰጥቶኛል፤ ምክንያቱም ያለቀውን ልም አጥንት በስፖርት መልሶ ማብቀል ባይቻልም፣ ጡንቻውን ማጠንከርና በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ጫና ማስተካከል ይቻላል።

ያ ጫና ምን ያህል እንደሆነ የሚታወቀው በግምት ብቻ አይደለም። በርሊን ውስጥ ጌዮርግ በርግማንና ባልደረቦቹ መለኪያ በውስጣቸው ያላቸው ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያዎች የተተከሉላቸውን ሰዎች እያራመዱና ደረጃ እያስወጡ፣ በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ኃይል በቀጥታ ለክተዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ2001 ባሳተሙት ውጤት መሠረት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራመድ ሰው ዳሌ በአማካይ የሰውነቱን ክብደት 238 በመቶ ይሸከማል፤ ደረጃ ሲወጣ 251፣ ሲወርድ ደግሞ 260 በመቶ ይደርሳል። ሰውየው ተደናቅፎ እንዳይወድቅ ሲታገል በዚያች ቅጽበት ጫናው ከክብደቱ 7 እጥፍ በላይ የሆነበት ጊዜም ተመዝግቧል። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ብዙ አስቤባቸዋለሁ። በአንድ በኩል በእርጋታ መራመድና ደረጃ መውጣት ያን ያህል የተራራቁ እንዳልሆኑ ያሳያሉ፤ ስለዚህ ደረጃን እንደ ጠላት መፍራት አስፈላጊ አይደለም። በሌላ በኩል ከሁሉም የከፋው ጫና የሚመጣው ከታቀደ ልምምድ ሳይሆን ካልታሰበ መደናቀፍ መሆኑን ስለሚያመለክቱ፣ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ከጡንቻ ማጠንከሪያ እኩል ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ከዚህ ሌላ፣ የቀነሰ አንድ ኪሎ ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ ከዳሌ ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል እንደሚያነሣ ከዚሁ ስሌት መገመት ይቻላል።

የእግር ጉዳት ከዓመታት በኋላ በዳሌ ላይ የሚወጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ስብራቱ የመገጣጠሚያውን ማቀፊያ የነካ ከሆነ ወይም የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ወልቆ ከነበረ፣ ልም አጥንቱ በአደጋው ዕለት በቀጥታ ይጎዳል። የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር ደግሞ ኳስ ለመሰለው ራስ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን የደም ሥሮች ሊበጠሱ ስለሚችሉ አጥንቱ ደም አጥቶ ውሎ አድሮ ሊደረመስ ይችላል። ከዳሌ ራቅ ብሎ የተሰበረ አጥንትም ቢሆን ተጣሞ ወይም አጥሮ ከገጠመ የእግሩ አቅጣጫና ርዝመት ስለሚለወጥ፣ ጫናው በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፍበት ቦታ አብሮ ይለወጣል። የእኔ ስብራት በጭን አጥንት መካከል ነበር። አጥንቱን ያያያዘው ረጅም ብረት የገባው ከላይ፣ ከዳሌ አጠገብ፣ በመቀመጫ ጡንቻዎች በኩል ሲሆን፣ በዚህ መንገድ የሚገባ ብረት ዳሌን ከጎን ደግፈው የሚይዙትን ጡንቻዎች ሊያደክም እንደሚችል የታወቀ ነው። በዚያ ላይ ክራንች ይዤ የቆየሁባቸው ወራት ጭኔን አቀጥነውታል፤ ሥራ የፈታ ጡንቻ የሚከሳበት ፍጥነት የሚያስደነግጥ ሲሆን መልሶ የሚገነባው ግን በዝግታ ነው። የዳሌዬ መጎዳት ከእነዚህ ምክንያቶች ከየትኛው እንደመጣ ለይቶ የሚነግረኝ ምርመራ የለም። ሆኖም ከሁሉም መካከል ዛሬ በእጄ ያለውና ልለውጠው የምችለው የጡንቻው ድካም ስለሆነ ትኩረቴን በእሱ ላይ አድርጌአለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ምንም ዓይነት ልምምድ ከማዘዟ በፊት በመስተዋት ፊት አቆመችኝና «እስቲ ግድግዳውን ሳይደገፉ በአንድ እግርዎ ብቻ ይቁሙ» አለችኝ። በጤነኛው እግሬ ስቆም ቀበቶዬ አግድም ቀጥ ብሎ ቀረ። በተጎዳው እግሬ ስቆም ግን በሌላው ወገን ያለው የዳሌ ጫፍ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፤ ትከሻዬ ደግሞ መውደቄን ለመከላከል ይመስል ወደ ተጎዳው ወገን ዘመመ። ይህን ምልክት የጀርመኑ ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪክ ትሬንደለንበርግ በ1895 ገልጾታል፤ ዛሬም ድረስ በስሙ ይጠራል። በአንድ እግር ስንቆም የሰውነት ክብደት ዳሌውን ወደ ውስጥ ሊያዘነብለው ይሞክራል፤ ይህን የሚከላከለው በዳሌ ጎን ያለው የመቀመጫ ጡንቻ ነው። ጡንቻው የሚጎትተው ግን ለመገጣጠሚያው በጣም ቀርቦ ስለሆነ፣ ርቆ የሚጫነውን ክብደት ለመመከት ከክብደቱ እጅግ የበለጠ ኃይል ማውጣት ይኖርበታል። ከላይ የተጠቀሱት ትላልቅ ቁጥሮች የመጡትም ከዚህ ነው። ጡንቻው ሲደክም ሰውነት ወደ ታመመው ወገን ዘንበል ብሎ ክብደቱን ወደ መገጣጠሚያው በማቅረብ ጫናውን ያቀላል። ይህም ማነከስ ይሆናል፤ ለዳሌው ጊዜያዊ እረፍት ቢሰጥም ወገብንና የሌላውን እግር ጉልበት ያደክማል።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ ስለ ምርኩዝ ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው ኀፍረት ብዙ ሰዎችን ከሚገባቸው እርዳታ እንደሚያርቅ ስለማይ ያሳዝነኛል። ምርኩዝ የሚያዘው በታመመው ዳሌ ወገን ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። እጁ ከታመመው መገጣጠሚያ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ በምርኩዙ ላይ የሚደረግ መጠነኛ ግፊት የደከመውን ጡንቻ ሥራ በብዙ ይቀንስለታል፤ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዋልተር ብላውንት በ1956 ይህንን በስሌት አስደግፎ ባልደረቦቹ ምርኩዝን እንዳይንቁ አጥብቆ ተከራክሯል። ርዝመቱ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቅ የእጁ አንጓ ከሚደርስበት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ የታችኛው ጫፉም የማያንሸራትት ጎማ ሊኖረው ይገባል። ምርኩዝ ይዞ ሳያነክሱ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ፣ ያለ ምርኩዝ እያነከሱ አጭር መንገድ ከመሄድ በሁሉም ረገድ ይሻላል። እኔም በረጅም የእግር ጉዞ ላይ ይዤው እወጣለሁ፤ ጡንቻዬ ሲደክም ሰውነቴ ወደ ማነከሱ እንዳይመለስ ይረዳኛል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም ልክን ወደ ማወቁ እመለሳለሁ። ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙበት አንድ የሕመም መለኪያ አለ፤ ሕመምተኛው ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይገምታል። 0 ምንም ሕመም የለም ማለት ሲሆን 10 ሊታሰብ የሚችለው የከፋ ሕመም ነው። በልምምድ ጊዜ እስከ 2 የሚደርስ ሕመም ምንም ሥጋት የለበትም፤ እስከ 5 የሚደርሰው ይታገሡታል፤ ከ5 ሲያልፍ ግን ክብደቱን ወይም ድግግሞሹን መቀነስ ያስፈልጋል። ይህ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ከልምምዱ በፊት ወደነበረበት መመለሱ ነው። ከተመለሰ መጠኑ ትክክል ነበር፤ ካልተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነሳል እንጂ ልምምዱ አይተውም። በዚህ ደንብ ውስጥ ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ሕመምን ሁሉ እንደ አደጋ ምልክት አለመቁጠሩ ነው። ለዓመታት ሥራ የፈታ ጡንቻ መሥራት ሲጀምር መታመሙ አይቀርም፤ ያንን ሕመም ሰምቶ የሚያቆም ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት አያልፍም።

ደንቡን በሥራ ላይ ለማዋል ግን ሁለት ሕመሞችን መለየት ይጠይቃል። አንደኛው ጡንቻ ሲሠራ የሚሰማ የድካም ሕመም ነው፤ በመቀመጫ ጎን ወይም በጭን ፊት ለፊት ሰፋ ብሎ ይሰማል፣ ሲነኩት ያማል፣ በማግስቱ ይጠነክርና ከዚያ ይጠፋል። ሁለተኛው የመገጣጠሚያው ሕመም ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ሲሆን በጣት ተነክቶ አይገኝም። አንዳንድ ጊዜም በጭን ፊት ለፊት ወርዶ ጉልበት ላይ ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት ዳሌው ታሞ ሳለ ጉልበቱን ራጅ የሚነሣ ሰው ጥቂት አይደለም። የድካም ሕመሙን ተቀብዬ አልፈዋለሁ፤ የብሽሽቱን ሕመም ግን በቁጥር እመዝነዋለሁ። ለዚህ የማይዋሽ መለኪያ ሆኖ ያገኘሁት ጠዋት ካልሲ ማድረግ ነው። ካልሲ ለማድረግ ጉልበትን ወደ ደረት ማምጣትና ጭኑን ጥቂት ማዞር ያስፈልጋል፤ በተጎዳ ዳሌ ቀድሞ የሚጠፋውም ይኸው የመዞር ችሎታ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጣቶቼ ያለ ትግል የእግሬን ጫፍ ከደረሱ ትናንት የሠራሁት ልኬ ነበር ማለት ነው። ብሽሽቴ ተቆንጥጦ ከቀረ ወይም ከእንቅልፍ ስነሣ የነበረው መጨራመት እንደወትሮው በጥቂት ደቂቃዎች ሳይለቀኝ ቀኑን ከተከተለኝ ትናንት አብዝቼዋለሁ።

የልምምዱ ይዘት ራሱ ቀላል ነው። በጀርባ ተኝቶ ጉልበቶችን አጥፎ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሣት፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ማንሣት፣ ከወንበር ላይ በእጅ ሳይገፉ ተነሥቶ በዝግታ መቀመጥ፣ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ወጥቶ መውረድ፣ ከግድግዳ አጠገብ በአንድ እግር መቆም፤ አብዛኛው ሥራ ከእነዚህ ይሠራል። ቀላልነታቸው ግን ሊያታልል አይገባም፤ ዋናው ነገር አሠራራቸው ነውና። በጎን ተኝቶ እግር ሲነሣ ዳሌው ወደ ኋላ ከተንከባለለ ሥራው ከጎን ጡንቻ ወደ ጭን ፊት ያልፍና ልምምዱ ዓላማውን ይስታል። ስለዚህ ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ተረከዝ ግድግዳውን እየታከከ እንዲነሣ ማድረግ ጥሩ ዘዴ ነው። ከወንበር ሲነሡም ጤነኛው እግር ሳይታወቅ ብዙውን ሥራ ይሰርቃል፤ ጤነኛውን እግር ጥቂት ወደ ፊት አስቀድሞ የተጎዳውን ወደ ኋላ መሳብ ሥራውን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል። ወንበሩ ዝቅተኛ ከሆነ ትራስ ተጨምሮበት ከፍ ይላል፤ እየጠነከሩ ሲሄዱ ትራሱ ይነሣል። በዝግታ መቀመጡ ከመነሣቱ አይተናነስም፤ በመጨረሻው ላይ ዘፍ ብሎ መቀመጥ ለጡንቻው ሳይሆን ለመገጣጠሚያው የሚተርፍ ነው።

ጡንቻ ማጠንከሪያው በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን፣ በመካከሉ የእረፍት ቀን እየገባ ቢሠራ ይበቃል፤ እውነተኛ ለውጥ ለማየትም ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። በቀሩት ቀናት የልብና የሳንባ ሥራ ሊኖር ይገባል። ውሃ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ውሃው ወገብ ሲደርስ በእግር ላይ የሚያርፈው ክብደት ወደ ግማሽ ገደማ፣ ደረት ሲደርስ ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳልና በየብስ ላይ የሚያነክስ ሰው በውሃ ውስጥ ቀጥ ብሎ መራመድን እንደገና መለማመድ ይችላል። ዋናተኞች ግን የእንቁራሪት ዋናን ቢጠነቀቁ መልካም ነው፤ የእግሩ ምት ጭንን እያዞረ የሚከፍት ስለሆነ የተጎዳ ዳሌ አይወደውም። ብስክሌት ላይ ደግሞ ወሳኙ የመቀመጫው ከፍታ ነው። መቀመጫው ዝቅ ካለ ጉልበት ወደ ደረት እየቀረበ ብሽሽትን ይቆነጥጣል፤ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበት በትንሹ ብቻ የታጠፈ እስኪሆን ድረስ ከፍ ሲል አብዛኛው ቁንጠጣ ይቀራል። መራመድን በተመለከተ፣ አንድ ረጅም ጉዞ የሚያሳምመው ዳሌ ያንኑ ርቀት ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍለው ሲሄዱት በደኅና ይሸከመዋል፤ በየሳምንቱ የሚጨመረውም በጥቂቱ መሆን አለበት።

መለጠጥን ለይቼ መጥቀስ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የማያመጣ ተደርጎ ስለሚታሰብ ነው። ዳሌው ጭርምት ያለበት ሰው በኃይል ለጥጦ ሊያፍታታው ይመኛል። ነገር ግን የመዞር ችሎታው የጠፋው ጡንቻው ስለጠበበ ብቻ ሳይሆን የአጥንቱ ጠርዝ ትርፍ አጥንት አብቅሎ መንገዱን ስለዘጋም ሊሆን ይችላል፤ አጥንት ከአጥንት ሲጋጭ የሚገኘውን ወሰን በመለጠጥ ማለፍ አይቻልም፤ መገጣጠሚያውን ማስቆጣት ብቻ ነው ትርፉ። ስለዚህ ብሽሽት ላይ የመቆንጠጥ ስሜት ሲጀምር እዚያው ማቆም፣ ከዚያ ጥቂት መለስ ብሎ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ይሻላል። እግርን አቆላልፎ መቀመጥ፣ በጥልቀት ቁጢጥ ብሎ መዞር፣ እግር መሬት ላይ ተተክሎ ሰውነትን በድንገት ማጠፍ የሚያስፈልጋቸው ጨዋታዎችም በዚሁ ምክንያት ጥንቃቄ ይሻሉ። የሕመም ማስታገሻ ወስዶ ልምምድ መሥራትን በተመለከተ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድ ነውር የለበትም፤ ከተለመደው በላይ ለመሥራት ሲባል ተጨማሪ መዋጥ ግን ልክን የሚነግረውን ድምፅ ማፈን ነው።

ስብራቱ እግሩን ላሳጠረበት ሰው በጫማ ውስጥ የሚገባ ማካካሻ ሌላው ጉዳይ ነው። ልዩነቱ በትክክል መለካት አለበት፤ ዳሌው ስለተጨራመተ ብቻ አጭር የሚመስል እግርም አለና። ከተለካም በኋላ ሙሉውን ልዩነት በአንድ ጊዜ መሙላት ወገብን ስለሚያሳምም ማካካሻው በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ይላል።

እንቅስቃሴ በእርግጥ ይጠቅማል ወይ ለሚል ሰው መልሱ አዎን ነው፤ ይሁን እንጂ ከእውነቱ በላይ ተስፋ መስጠት አልፈልግም። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2014 ያሳተመው ግምገማ በዳሌ መገጣጠሚያ መጎዳት ላይ የተደረጉ 10 ጥናቶችን መርምሮ፣ በየብስ የሚሠራ ልምምድ ሕመምን እንደሚቀንስና የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል፣ ጥቅሙም ልምምዱ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር እንደሚቆይ ደምድሟል። የጥቅሙ መጠን መጠነኛ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው። በእንግሊዝ የሕክምና መመሪያዎችን የሚያወጣው ናይስ የተባለው ተቋም በ2022 ያወጣው መመሪያም የመገጣጠሚያ መጎዳት ላለበት ሰው ሁሉ ለእሱ የተመጠነ ልምምድ እንዲሰጠው ይመክራል፤ ሲጀመር ሕመሙ ሊጨምር እንደሚችል ለሕመምተኛው አስቀድሞ እንዲነገረውም ያሳስባል። ራጁን በተመለከተ ደግሞ የአንድ ከተማን ነዋሪዎች ጤና ለረጅም ዓመታት ከሚከታተለው ከአሜሪካ የፍሬሚንግሃም ጥናት የተገኘና በ2015 የታተመ ውጤት አለ፦ በራጅ ላይ ጉዳት ከታየባቸው ዳሌዎች መካከል አዘውትረው የሚታመሙት 20.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። የራጁ ሥዕል የሰውየውን አቅም አይወስንም ማለት ነው። የራጁን ውጤት ሰምተው ያን ቀን መራመድ ያቆሙ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ይህን ቁጥር ያኔ የነገራቸው ቢኖር ኖሮ ብዬ እቆጫለሁ።

ከ24 ሰዓቱ ደንብ ውጭ የሆኑ፣ ሐኪም ሳያይ ልምምድ የማይቀጥልባቸው ምልክቶችም አሉ። በእግር ላይ መቆም በድንገት አለመቻል፣ በእረፍትም ሆነ በሌሊት የማይለቅና እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም በድሮው የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ የሚታይ መቅላትና ፈሳሽ፣ የባት በአንድ ወገን ማበጥና መሞቅ፣ መገጣጠሚያው ተቆልፎ አልንቀሳቀስ ማለቱ፣ እንዲሁም የእግር መደንዘዝ ወይም መክዳት ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ብረት ያለበት አጥንት ከሆነ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እየጠነከረ የሚሄድ የጭን ሕመምም መመርመር አለበት።

ልምምዱ ሁሉ እየተሠራ ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣበትና መራመድን የሚከለክልበት ጊዜ ከመጣ መገጣጠሚያውን በሰው ሠራሽ መተካት ይቻላል። ለዚህ ቀዶ ሕክምና ዘመናዊ መልክ የሰጠው እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1962 ነው። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በታተመ ጥናት ከተተከሉት መገጣጠሚያዎች ከ100 ውስጥ 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ተገምቷል። ከአደጋ በኋላ ዳሌያቸው የሚጎዳባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ለጋ ስለሚሆኑ፣ የተተከለው መገጣጠሚያ በሕይወት ዘመናቸው መለወጡ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በልምምድ የሚገኘው እያንዳንዱ ዓመት ከዚህ አንጻር ዋጋ አለው። ቀዶ ሕክምናው ቢወሰን እንኳን የተገነባው ጡንቻ ለማገገሚያው ስንቅ ይሆናል። በእኔ ሁኔታ ደግሞ የድሮው ብረት አለ፤ አዲሱ መገጣጠሚያ ሊገባ ካስፈለገ በመንገዱ ላይ ያለው ብረት አስቀድሞ መውጣት ይኖርበታል፤ ማውጫ መሣሪያውም እንደ ብረቱ ዓይነትና አምራች ይለያያል። ስለዚህ ስብራቱ ሲታከም የተጻፈውን የቀዶ ሕክምና ማስታወሻ፣ የብረቱ ዓይነትና መጠን የተመዘገበበትን ወረቀትና የያኔውን ራጅ አፈላልጌ በአንድ ፋይል ሰብስቤአለሁ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይዤው እሄዳለሁ፤ የልምምድ ማስታወሻዬንም ከየጠዋቱ የሕመም ቁጥር ጋር አብሬ አቀርባለሁ።